ቆራጣ፥ የመማፀኛ ከተማ፥ የዐፄ ቴዎድሮስም እንግዶች

በጣና ባሕር ምሥራቃዊ ዳር፥ ዐባይ ከባሕሩ ከሚወጣበት ስፍራ በስተ ሰሜን፥ ቆራጣ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ዛሬ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ መንገደኛ የታላቁን ከተማ ጐዳና አይቶ፥ ወደ ዘጌም በጀልባ ተሻግሮ ይመለሳል እንጂ፥ እስከ ቆራጣ የሚዘልቀው ጥቂት ነው። በ1858 ዓመተ ምሕረት ግን ነገሩ የተገለበጠ ነበረ። ያን ጊዜ ባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ቆራጣ ግን ከጎንደር ቀጥሎ ስማቸው ከሚጠራው ከተሞች አንዲቱ ነበረች። በዚያ ዓመት ከእንግሊዝ ንግሥት የተላኩ ሦስት እንግዶች በዚህች ጸጥተኛ ከተማ 58 ቀን ተቀመጡ። 58 ቀን በሰው ዕድሜ እንኳ ጥቂት ነው፤ በመንግሥት ዕድሜማ እንደ ዐይን ጥቅሻ ነው። ነገር ግን በነዚያ ቀኖች የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ፍቅር ሊጸና ይችል ነበረ፤ ሳይጸና ቀረ፤ ፍጻሜውም መቅደላ ሆነ። ስለዚህ የቆራጣን ነገር መመርመር የአንዲት ከተማን ነገር ብቻ መመርመር አይደለም።

ከተማዪቱ ከባሕሩ ዳር ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ተቀምጣለች። ቤቶቿ በድንጋይ የተሠሩ ክብ ቤቶች፥ ግቢዎቿም ቡናና ሎሚ የበቀለባቸው ነበሩ። ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚወርደው ነጋዴ በአጠገቧ ያልፍ ነበርና ሀብት አላነሳትም። ነገር ግን የተከበረችው ስለ ደብሯ ነበረ እንጂ ስለ ገበያዋ አልነበረም። በዘመኑ የጐበኟት እንግዶች እንደ ጻፉት፥ ወደ ከተማዪቱ የሚመጣ ሰው ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ መግባት የአገሩ ልማድ ነበረ። ባላገሩም መኰንኑም በአንድ ደጅ በእግር ሲገቡ የሚያይ ሰው፥ ያች ስፍራ ከምድራዊ ሥልጣን በላይ የሆነ ባለቤት እንዳላት ሳይነገረው ያውቃል።

ይህን ክብር ያገኘችው በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1592 ከታላላቅ ወገን ተወለደች፤ ከዐፄ ሱስንዮስ ዋና መኳንንት አንዱ የሆነው መልክአ ክርስቶስም አገባት። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ሮማውያን ሃይማኖት ባዘነበሉ ጊዜ፥ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ተገደሉ፤ ልብሳቸውም ለባሏ እንደ ደረሰ ባወቀች ጊዜ ቤቷንና ጌትነቷን ትታ መነኰሰች። ስለ ሃይማኖቷም በንጉሡ ፊት ቆማ አልታዘዝም አለች፤ ወደ ሱዳን ጠረፍ፥ ዠበይ ወደሚባል ቈላ ተሰድዳ ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓመተ ምሕረት የአባቶችን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ በጣና ዳርና ደሴት ማኅበሯን እያበዛች ቈይታ፥ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓመተ ምሕረት በ50 ዓመቷ ዐረፈች። መቃብሯ በሬማ ደሴት በመድኃኔ ዓለም ነው። ማኅበሯ ግን በቆራጣ ጸና፤ ገድሏም ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ በሚባል መነኵሴ እጅ ተጻፈ። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ የግእዙን ንባብ በ1912፥ ቤልቸርና ክላይነር የሚባሉ ሊቃውንት ደግሞ በእንግሊዝኛ ተርጕመው በ2015 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር አሳትመውታል።

በንጉሥ ፊት ባልተንበረከከች ሴት ስም የተተከለ ደብር የተሰደደ ሰው መጠጊያ ቢሆን አያስደንቅም። በኦሪት ነፍስ ያጠፋ ሰው ደም መላሹ ሳያገኘው የሚጠጋባቸው ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በአገራችንም በተከበሩት አድባራትና ገዳማት ደወል ደውሎ የተማፀነ ሰው ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ ድረስ አይያዝም ነበረ። በቆራጣም ይህ ሥርዐት ጸንቶ ኖሯል፤ ከሹም ቍጣ የሸሸ፥ ንብረቱንም ከዘራፊ ሊያድን የወደደ ሰው ወደዚያ ይጠጋ ነበረ። በአውሮጳም አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ ሥልጣን ነበራቸው፤ እንግሊዞች ግን በ1624 እንደ አቈጣጠራቸው በሕግ ሻሩት። ስለዚህ በ1858 ወደ ቆራጣ የመጡት እንግዶች፥ በአገራቸው ከጠፋ ከ200 ዓመት በላይ የሆነውን ሥርዐት በጣና ዳር ሕያው ሆኖ አገኙት ማለት ነው።

እንግዶቹን ያመጣቸው ነገር እንዲህ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1855 ዓመተ ምሕረት ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካፒቴን ካሜሮን በኩል ላኩ። በደብዳቤውም ከቱርክ ጋር ያላቸውን ጠብ ገልጠው፥ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበትን መንገድ ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ሳለ መልስ ሳይጻፍለት በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ቢጠብቁ ቢጠብቁ መልስ ስለ ጠፋ እንደ ተናቁ ቈጠሩት፤ ቀደም ብለው ሚስዮናውያኑን ስተርንንና ሮዘንታልን አስረው ነበርና በ1856 ካሜሮንንም አሰሩ። የእስራቱ ወሬ በተሰማ ጊዜ ያ ዝም ያለው መሥሪያ ቤት ተነሣ፤ የንግሥቲቱም ደብዳቤ በግንቦት 1864 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ተጻፈ። ደብዳቤውን እንዲያደርስ የተመረጠው በዐደን የእንግሊዝ ሹም ረዳት የነበረው ሆርሙዝድ ራሳም ነው። ከእርሱም ጋር ሐኪሙ ዶክተር ብላንክና ሌተናንት ፕሪዶ ታዘዙ።

ይህ ራሳም ትውልዱ እንግሊዝ አይደለም። ከጤግሮስ ወንዝ ዳር፥ ከጥንቲቱ ከነነዌ ፊት ለፊት በምትገኘው በሞሱል ከምሥራቅ ክርስቲያኖች ወገን የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱም የነነዌን ፍርስራሽ ቈፍሮ የአሦር ነገሥታትን የሸክላ መጻሕፍት ያወጣ እርሱ ነው፤ የጥፋት ውሃን ነገር የሚናገረው ሸክላ ከዚያ መዝገብ ተገኝቷል። ራሳም በምጽዋ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከቈየ በኋላ በመተማ በኩል ገብቶ፥ ጥር 21 ቀን 1858 ዓመተ ምሕረት በአገው ምድር ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ደረሰ።

የዘመኑን ቍጥር ለሚያውቅ ካህን በዚህ ዓመት የሚታይ ነገር አለ። 1858 ዘመነ ማርቆስ ነበረ፤ አበቅቴው 14፥ መጥቅዑ 16፥ መባጃ ሐመሩም 22 ነበረ። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 22 ቀን ሰኞ ገባ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 6 ቀን ተያዘ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 1 ቀን ዋለ። የነነዌ ሰው በነነዌ ጾም ዋዜማ፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት በንጉሡ ፊት ቆመ ማለት ነው። በማግሥቱም፥ ሕዝቡ ስለ ነነዌ ሰዎች ንስሓ መጾም በጀመረበት ቀን፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ የትሕትና መልስ ጽፈው እስረኞቹ ሁሉ ከመቅደላ እንዲፈቱ አዘዙ። በዚያ ሰዓት ነገሩን የተመለከተ ሰው ቍጣ የበረደ፥ ምሕረትም የወረደ ይመስለው ነበረ።

እስረኞቹ ከመቅደላ እስኪመጡ ድረስ እንግዶቹ የሚያርፉበት ስፍራ አስፈለገ፤ ለዚህም ቆራጣ ተመረጠች። ራሳምና ጓደኞቹ ባሕሩን በደንገል ታንኳ ተሻግረው የካቲት 8 ቀን፥ ዐቢይ ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። ከተማዪቱ በጾምና በስግደት ላይ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግዶቻቸው ቀለብና አሳላፊ ሰጥተው፥ ከጋፋት የአውሮጳ ሠራተኞቻቸውን ቫልድማየርንና ባልንጀሮቹን እንዲያጫውቷቸው ላኩላቸው። እርሳቸው ግን ሠራዊታቸውን ይዘው ከባሕሩ ማዶ በዘጌ ሰፈሩ። ከዘጌ ወደ ቆራጣ፥ ከቆራጣም ወደ ዘጌ ታንኳ ደብዳቤ እያመላለሰ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ብዛት መልእክት ይደራረስ ነበረ። ከነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ተጠብቀው ኖረው ግርማ ሥላሴ አስፋው፥ አፕልያርድና ኡለንዶርፍ በ1979 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ዐማርኛውን ከትርጕሙ ጋር አሳትመዋል። በነርሱ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የእንግዳውን ጤና እየጠየቁ፥ ወዳጄ እያሉ ይጽፋሉ። በአማርኛ የመልእክት አጻጻፍ ታሪክም ቢሆን እነዚህ ደብዳቤዎች ትልቅ ስፍራ ያላቸው ናቸው።

እስረኞቹ መጋቢት 4 ቀን ቆራጣ ገቡ። ካሜሮንና ሌሎቹ ከሁለት ዓመት በላይ የቈየ ሰንሰለት ከእግራቸው ወልቆ፥ በባሕር ዳር ነፋስ ሲቀመጡ ያገኙትን ደስታ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ሳይሰማ መፈታታቸውን አልወደዱም። ጥቂት ቀን ቈይቶ በራሳምና በጋፋት ሠራተኞች ፊት የተከሰሱበት ጥፋት በጽሑፍ ተነበበ፤ እስረኞቹም በድለናል፥ ይቅር ይበሉን ብለው መለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ንጉሡ በዘጌ፥ ተከሳሾቹ በቆራጣ ነበሩ። ይቅርታው በወረቀት ተጠየቀ፥ በወረቀትም ተሰጠ፤ ፊት ለፊት ግን አልተያዩም። ራሳም ንጉሡ እስረኞቹን ቢያዩ ቍጣቸው እንደ ገና ይነሣል ብሎ ስለ ፈራ፥ ሳይገናኙ እንዲሄዱ ለምኖ ነበረ።

በዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን ልማድ እርቅ የሚፈጸመው የበደለ ከተበደለ ፊት ቀርቦ፥ ድንጋይ ተሸክሞ ወይም እግር ስሞ፥ ሽማግሌዎችም በመካከል ቆመው ነው። በሩቅ የተላከ ይቅርታ ግማሽ ይቅርታ ነው፤ በወዲያኛው ወገን ልብ ውስጥ ጥርጥር እንደ ቈየ ይቀራል። ራሳም ለነፍሳቸው ፈርቶ ያደረገው ጥንቃቄ በንጉሡ ዘንድ ንቀት ሆኖ ተቈጠረ። ደግሞም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር መድፍና መኪና የሚሠሩ ባለ እጆች እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበረ፤ እንግዶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ያ ነገር እንደ መጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አጥቶ እንዳይቀር ሠጉ። አንድ ጊዜ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ ለማመን ይቸገራል።

ፋሲካ ዋለ። በፋሲካው ሳምንት፥ ሚያዝያ 6 ቀን ዓርብ፥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ራሷ በምታስብበት ዕለት፥ የመቅደላ እስረኞች የነበሩት ከቆራጣ ተነሥተው ወደ መተማ መንገድ ጀመሩ። ራሳም፥ ብላንክና ፕሪዶ ግን ንጉሠ ነገሥቱን ሊሰናበቱ በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። ስንብት የተባለው ነገር እስራት ሆነ፤ ሦስቱም በዘጌ ተያዙ፤ በመንገድ ያሉትም በዚያው ቀን ተከብበው ተያዙ። በዘጌም ከቀረበባቸው ክስ ዋናው፥ እነዚህን ሰዎች ከእኔ ጋር ሳታስታርቅ ስለ ምን ሰደድሃቸው የሚል ነበረ። ከሁለቱ ወገን አንዱም በቆራጣ ውስጥ አልተያዘም፤ በመማፀኛዪቱ ከተማ ሳሉ ማንም እጁን አልጫነባቸውም፤ ከደጇ ሲወጡ ግን ሰላማቸው ከእርሷ ጋር ቀረ። የቅኔ ሰው እንደሚለው የቆራጣ 58 ቀን ሰሙ ዕረፍት፥ ወርቁ እስራት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናዊውን ፍላድን፥ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣ አስቀርተው፥ ባለ እጆች እንዲልኩላቸው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። እንግዶቹንም አንድ ቀን ይቈጧቸው፥ አንድ ቀን ያከብሯቸው ነበረ። በነዚያ ሳምንቶች ንጉሠ ነገሥቱ በጣና ላይ የሚገርም ነገር ሞክረዋል፤ ይኸውም ከደንገል ታላላቅ ታንኳዎች አሠርተው በጐናቸው የእንጨት መንኰራኵር አስገጥመው ሰዎች በእጅ እያዞሩ እንዲነዷቸው አደረጉ። የእንፋሎት መርከብ ነገር የሰሙ፥ ያላቸውም እንጨትና ደንገል ብቻ የሆነ ንጉሥ ያደረጉት ነው። በእርሳቸው ውስጥ የነበረውን የጥበብ ጥማት፥ እርሱም ጥማት እንዴት ወደ ምሬት እንደ ተለወጠ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ብዙ አይገኝም።

በዘጌ ሰፈር የኮሌራ በሽታ ገብቶ ሠራዊቱን በፈጀ ጊዜ፥ በሰኔ ወር ሠራዊቱና እንግዶቹ ወደ ቆራጣ ተመለሱ። ያች ከተማ በዐቢይ ጾም እንደ እንግዳ የተቀበለቻቸውን ሰዎች አሁን እንደ እስረኛ አየቻቸው፤ በሽታውም ከሠራዊቱ ጋር ተከትሎ መጣ። ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፥ በሐምሌም ወር ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሚከተለው ዓመት፥ በ1859፥ ጎንደር ራሷ ተዘርፋ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተቃጠለች። ደብር የሚማፀንበት ዘመን አልፎ፥ ደብር ራሱ መማፀኛ የሚፈልግበት ዘመን መጣ።

እንግሊዞችም በጄኔራል ናፒየር መሪነት 13,000 ያህል ወታደር አምጥተው በዙላ ወረዱ። የአሮጌ ጦርነት በ1860 ዓመተ ምሕረት በስቅለት ዓርብ፥ ሚያዝያ 3 ቀን ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በቀዳም ሥዑርና በፋሲካ እስረኞቹን ሁሉ ምንም ክፉ ሳያደርሱባቸው ለቀቁ፤ በፋሲካ ማግሥት፥ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲሰበር በገዛ እጃቸው ሞቱ። ራሳም በዘጌ የተያዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1858 ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያለፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። ሁለት ዓመት ሞላ፤ ቀኑ አልተለወጠም፤ ሁለቱም በትንሣኤ ሳምንት ዋሉ። የመቅደላም ቤተ መጻሕፍት ተዘርፎ በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ባሕር ተሻገሩ። እስከ ዛሬ የግእዝ መጻሕፍትን ሊመረምር የሚሻ ተማሪ ለንደን ድረስ እንዲሄድ ካስገደዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው ቢባል፥ ታሪክ ለአንድ ወገን ብቻ አይፈርድም። የመጀመሪያው ጥፋት ደብዳቤ ተቀብሎ መልስ የነፈገው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰላምታ የነሣ ሰው ጠብን ጠርቷል። ሁለተኛው ጥፋት የንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ በቃላቸው የገባውን እንግዳ ሲሰናበት መያዝ፥ በአገራችን ልማድም በሃይማኖታችንም የሚያስነቅፍ ነገር ነው፤ ያለ መልስ መቅረታቸው ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ሥራውን አያጸድቅም። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ የሚቀር ነው፤ ይኸውም አስታራቂ መጥፋቱ ነው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በዚያን ጊዜ ራሳቸው በመቅደላ እስረኛ ነበሩ፤ በጥቅምት 1860 በዚያው ዐረፉ። ቆራጣ ካህናትና ሽማግሌዎች ሞልተውባት፥ መማፀንና ማስታረቅ ሥራዋ ሆኖ ሳለ፥ በእስረኞቹ ነገር አማካሪ ሆነው የተቀመጡት የጋፋት ሠራተኞች ነበሩ። አስታራቂ አባት የታሰረበት አገር ጠበኞቹን በወረቀት ሊያስማማ ይሞክራል፤ ወረቀቱም ታንኳ ላይ ሳለ ይርሳል።

ራሳም በ1869 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ሁለት ቅጽ መጽሐፍ፥ ዶክተር ብላንክም ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የራሱን ጽፏል። የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያምም የየራሳቸውን ምስክርነት ትተዋል። የቆራጣ ሕዝብ ያየው ግን፥ ጾሙን ሲጾም ባዕዳን በደጁ የተቀመጡበት፥ ቡናውን ጠጥተው ባሕሩን ተሻግረው ያልተመለሱበት ነገር፥ በአብዛኛው በእንግዶቹ ብዕር ብቻ ይነበባል። በየአድባራቱ በስንክሳርና በወንጌል ኅዳግ የሚጻፍ ማስታወሻ፥ የርስትና የስጦታ መዝገብ፥ ከሽማግሌ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቃል ይህን ጕድለት ይሞላል። እነዚህን የሚጠብቅ ካህን ለደብሩ ብቻ አይሠራም፤ የተበዳዩን ቃል ለሚመጣው ዳኛ ያቈያል። ቆራጣ ዛሬም ከኮረብታዋ ላይ ናት፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ይጠራባታል፤ ከማዶ ዘጌ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ውሃ ግን ሁለት ወር ሙሉ የሰላም ቃል የተመላለሰበት፥ በአንድ ዓርብ ቀን የተቈረጠበት መንገድ ነው።